ሳጥን ውስጥ የተቆለፈችው መጻፊያ

ቆቦ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ሻርጃ ለሚገኘው ወንድሜ ከማሉዲን ይድረስ። አላህ ጤናህን ያብዛልህ፣ የዚያን አገር ሙቀትም ያብርድልህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። አባባን ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ምላሱ እንደ ድሮው ነው። እናቴ ሰላም ብላሃለች። ማሽላው ዘንድሮ አምሮ ወፍ ጥበቃ ላይ ነን።

ማን እንደሆንኩ ከጠፋህ፣ አባትህ ያረፉ ጊዜ ዋጃ ለቅሶ መጥቼ ስለ መጻሕፍት ስከራከርህ የሰነበትኩት የቆቦዋ ኡሙሃኒ ነኝ። ዘመድ ነን ሲባል እሰማለሁ፤ በማን በኩል እንደሆነ ግን እስካሁን አልገባኝም። ስልክ ስደውል ይቆራረጣል፣ ዳታ እዚህ የለም ማለት ይቀላል። ስለዚህ በእጄ ጽፌ ለባልደረባዬ ለየሻረግ እሰጣታለሁ። እሷ ወልዲያ ስትሄድ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሃለች። መልስህንም እዚያው አትማ ታመጣልኛለች። ማንበቧ ስለማይቀር ምሥጢር አትጻፍ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጎብዬ አስተምራለሁ፣ ቆቦ አድራለሁ። ጠዋትና ማታ ሚኒባስ ላይ ነኝ። ትምህርት ቤት ስደርስ ተማሪ ይውጠኛል፤ ቤት ስገባ የእህቴ ልጆች፣ የአባባ ጉልበት፣ ከዚያ መብራት ይጠፋል። የእኔ የምለው ጊዜ መንገዱ ብቻ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ስለ ደመቀች ነው፤ ሮቢት ላይ ወፍጮ ቤት ያላት ሴት ናት፣ ባሏ ጂቡቲ ሄዶ ጠፍቶ ቆይቶ አንድ ቀን ከች ይልባታል። ደሴ ያለ አንድ አሳታሚ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች አንብቦ ወዶታል። ቀሪውን በኮምፒውተር ተጽፎ እስከ ሰኔ መጨረሻ ካመጣሽ አሳትመዋለሁ፣ ካለፈ ግን ለሌላ ሰው ቃል ገብቻለሁ ብሎኛል። መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ እኔ ስለጻፍኩት አይደለም የምልህ፣ ጥሩ ስለሆነ ነው።

በወረቀት ሞክሬ ነበር። ሚኒባሱ ሲዘል የጻፍኩትን በኮምፒውተር የምትተይብልኝ የጽሕፈት ቤት ልጅ ማንበብ ቢያቅታት ከራሷ ጨምራ ደመቀችንና ባሏን አስታርቃ ጠበቀችኝ። በስልክ ሞከርኩ። ፀሐዩ መስታወቱን ሲመታው የሚታየኝ የራሴ ግንባር ነው። መሃል ላይ ይደወላል። ከሁሉ የባሰው ግን አያ ታረቀኝ ናቸው። የጎብዬ ጤና ጣቢያ ዘበኛ ናቸው፣ ሁልጊዜ ከጎኔ ይቀመጣሉ፣ ከትከሻዬ በላይ ያነባሉ። አንድ ቀን ለመንገደኛው ሁሉ አነበቡለት። ሽንኩርት ነጋዴዋ "ትመልሰው እንጂ፣ ባሏ አይደል?" አለች። አያ ታረቀኝ "እንዳትመልሺው! ወላድ አትሁኚ ከመለስሽው!" ብለው ተቆጡ። ሾፌሩ ሳይቀር ዞሮ ሐሳብ ሰጠ፤ ወደ ቦይ ልንገባ ነበር።

አንተ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ስለምትሠራ የማይታይህ ነገር የለም። ጭን ላይ የምትቀመጥ፣ ፀሐይ የማታሳውራት፣ የማትደወል፣ አማርኛ የምትጽፍ፣ መብራት ቢጠፋም ለቀናት የምትቆይ፣ ሌባ ሲያያት የማታስጎመጅ መጻፊያ ፈልግልኝ። አለ ወይስ የለም? ቁርጡን ንገረኝ።

ኡሙሃኒ


ሻርጃ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላህ፣ እህቴ ኡሙሃኒ።

አላህ አንቺንም ቤታችሁንም በሰላም ያኑር፤ ለአባትሽ ጉልበት፣ ለማሽላውም ከወፍ መጠበቂያ ይስጥ። እኔ ደህና ነኝ፣ ሙቀቱም ትንሽ ተንፈስ ብሏል። ማን እንደሆንሽ አልጠፋኝም። በለቅሶ ቤት ከለቀስተኛው ሁሉ እኔን ያሳቀችኝ አንድ ሰው ብትኖር አንቺ ነበርሽ፤ እናቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ያልሽውን ስፈልግ ከረምኩ። ላፕቶፕ ተዪው፣ ክዳኑን ስትከፍቺ የፊተኛውን ተሳፋሪ ወገብ ትወጊያለሽ። ተራ ታብሌት እንደ ስልኩ ነው፣ ፀሐይ ላይ ግንባርሽን አስፍቶ ያሳይሻል። ድሮ የፈረንጅ ተማሪዎች ይጽፉበት የነበረ በተራ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መጻፊያ አግኝቼ ጮቤ ረግጬ ነበር። ድንቅ ዕቃ ነው፤ ብቻ "ሀ" እንኳ አያውቅም። መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

በመጨረሻ ያገኘኋት ስክሪኗ ወረቀት ይመስላል። ከውስጧ ብርሃን ስለማታወጣ ፀሐዩ በበረታ ቁጥር ጽሑፉ ይጠራል። ባትሪዋ ይቆያል። ከእሷ ጋር የምትታጠፍ ኪቦርድ አለች፣ ስትታጠፍ የወንድ ቦርሳ ታህላለች። ቁልፎቹ ላይ የተጻፈው የፈረንጅ ፊደል ነው፣ ስትነኪው ግን አማርኛ ይወጣል፤ ጣትሽ እስኪለምድ ትንሽ ትሳደቢያለሽ። ሽፋኗ የተፋቀ ስለሆነ ሌባም ይንቃታል።

እዚህ አውቶቡስ ላይ ይዤያት ተሳፈርኩ። መንገዱ ልሙጥ ስለሆነ ፈተና አልሆናትም። ስለዚህ ቤት ገብቼ አብሮኝ የሚኖረውን ፓኪስታናዊ "ጉልበቴን ያዝና አናውጠኝ" አልኩት። ያበድኩ መሰለው። እያናወጠኝ የጎብዬን ጉድጓድ ሁሉ እያሰብኩ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። አንድም ፊደል አልሳተችም። ለአያ ታረቀኝ ግን መድኃኒት የለኝም፤ ፊደሉን አሳንሺው።

ትሁን ካልሽ ልላካት።

ከማሉዲን


ቆቦ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሜ፣ አላህ ድካምህን በመልካም ይመንዝርልህ፤ ፓኪስታናዊውንም እጁን ያበርታው።

ትሁን! ዛሬውኑ ትሁን! ደብዳቤህን ሚኒባስ ላይ ሳነብ ስቄ አያ ታረቀኝን አስደነገጥኳቸው። ዋጋዋን ግን ንገረኝ። የራሴን መሣሪያ በራሴ መግዛት እችላለሁ፣ ውለታ መሸከም አልወድም። እየቆጠብኩ ነው፣ አታስብ።

ማሽላው እየታጨደ ነው። ደመቀች ባሏን ከደጅ አቁማዋለች፤ እኔም ዕቃዬ እስኪመጣ እዚያው አቆመዋለሁ።

ኡሙሃኒ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዓለይኩሙ ሰላም። ለእናትሽ፣ ለአባትሽ፣ ለልጆቹም ሁሉ ሰላምታዬ በያሉበት ይድረስ።

የዋጃው ነጋዴ ሙንተሲር አገር ቤት ሊገባ ስለሆነ በእሱ ልኬያታለሁ። ያላገባች ልጅ ቤት እሱ ራሱ ይዞ ቢመጣ ነገር ያመጣል ብዬ ለአጎቴ ለአያ ኢብሮ እንዲሰጥ ነግሬዋለሁ። እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፣ በአግባቡ ያደርሱልሻል። ዋጋ አትጠይቂኝ። ደመቀችን ከባሏ ጋር ምን እንዳደረግሻት ከሁሉ ቀድሜ ልስማ፣ ይበቃኛል።

ከማሉዲን


ቆቦ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ወንድሜ ከማሉዲን። አላህ ሰላምህን ያብዛልህ። የእኔን ሰላም ግን አጎትህ ይዘውት ሄደዋል።

"በአግባቡ ያደርሱልሻል" አላልከኝም? አድርሰዋታል! ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ሦስቱም ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ዕቃዋን በአረንጓዴ ሐር ጠቅልለው ሽቶ አርከፍክፈውባታል። እኔ ጎብዬ ነበርኩ። ስመለስ የእናቴ እልልታ ከመንገድ ተቀበለኝ።

"ምን ተገኘ?" አልኩ።

"ከማሉዲን ሽማግሌ ልኮ ነበር" አለ አባባ፣ ፊቱ በርቶ። "እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ፋቲሃ ቀርተን አጽንተነዋል።"

"አባባ፣ እሱ እኮ መጻፊያ ነው የላከልኝ!"

"አዎና! የተማረ ሰው የሚልከው እንዲህ ያለውን ነው። ወርቅማ ማንም ይልካል።"

ዘመድ ነን ብዬ ላመልጥ ሞከርኩ። አክስቴ ተጠርታ መጣች፣ አያት ቅድመ አያቶቻችንን በጣቷ ቆጠረች፣ "ሰባት ቤት አልፋችሁ ስምንተኛው ላይ ነው የምትገናኙት፣ መጋባት ይቻላል" ብላ እጇን አራገፈች። ያን ሁሉ ዘመን የት ላይ እንደምንዛመድ የሚነግረኝ አጥቼ፣ በዚያች ቀን ብቻ ሁሉም ዐዋቂ ሆነ።

ዋጃ ድረስ ሄጄ አያ ኢብሮን ያዝኳቸው። "እኔ ልጅቷን ስጡን ብያለሁ? አላልኩም" አሉ። "የሰው ሴት ልጅ ዕቃ በፌስታል አንጠልጥዬ ልሂድ? ለክብርሽ ነው።" እሺ፣ እንዲያ ከሆነ ለአባባ ይንገሩልኝ አልኳቸው። "እሳቸው ደስ ካላቸው ምን ቸገረሽ?" ብለው ሳቁ።

አሁን ነገሩ እንዲህ ነው። ዕቃዋ የእጮኛ ዕቃ ናት ከተባለ ሰርግ እስኪደርስ አትነካም፤ እናቴ ሳጥን ውስጥ ቆልፋባታለች፣ ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። አይደለችም ካልኩ ደግሞ ሽማግሌ ይዟት የመጣች ዕቃ በሽማግሌ ወደ ላኪው ቤት ትመለሳለች፣ አለዚያ አባባ ይዋረዳል። ብትቆለፍም ብትመለስም እኔ አልጽፍባትም። ሰኔ ግን ማንንም አይጠብቅም።

አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ጠይቀህ እንደሆነ፣ አልጠየቅህም እንደሆነ በግልጽ ጻፍልኝ። በፍጥነት።

ኡሙሃኒ


ቆቦ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ጤናህን ይስጥህ፤ አንደበትህንም አብሮ ይስጥህ።

የሻረግ ወልዲያ ሁለቴ ሄዳ ተመለሰች፣ ከአንተ ግን ምንም የለም። ደብዳቤዬን እንዳነበብከው ቴሌግራሙ ይናገራል ብላኛለች። ተናድጃለሁ። አንዲት "አልጠየቅሁም" መጻፍ ይህን ያህል ከበደህ? እኔ ግን ተቀምጬ የማለቅስ ሰው አይደለሁም፣ ስለዚህ መላ መታሁ።

ትናንት አያ ኢብሮና ሽማግሌዎቹ አባባን ሊጠይቁ መጥተው ነበር። ገብቼ መሃል ተቀመጥኩ። "ይህች ዕቃ የእጮኛም አይደለች፣ የስጦታም አይደለች፣ የመቀናጆ ናት" አልኳቸው። "አንድ በሬ ያለው አንድ በሬ ካለው ጋር ሲቀናጅ፣ በሬው የታጨ ነው ትላላችሁ? ከማሉዲን መሣሪያ አለው፣ እኔ ታሪክ አለኝ። ለየብቻችን አናርስም። በእርሻ መሃል የተቀናጀ በሬ ፈትቶ ወደ ቤቱ የሚወስድ ወይም ጋጣ ውስጥ የሚቆልፍ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?"

አያ ኢብሮ ጢማቸውን ዳበሱ። አንደኛው ሽማግሌ "ልክ ናት እኮ" አሉ። አሸነፍኩ ስል አባባ ቀና አለ። ዕድሜውን ሙሉ ያረሰ ሰው መሆኑን ረስቼው ነበር።

"መቀናጆ ከሆነ የሁለታችሁም ማሳ በተራ ይታረሳል" አለ። "ያንቺን ማሳ አየሁት። የእሱ ማሳ የታለ? ማሳ ሳይኖረው በሬውን የሚሰጥ ሰው ልጅቷን ፈልጎ ነው።"

ከረመዳን በፊት መልስ ይዘሽ ቅረቢ ብለውኛል። ማሳ አለህ? ካለህ አሁኑኑ አሳየኝ። ከሌለህም ንገረኝ፣ በስልኬ ግንባሬን እያየሁ እጽፋለሁ እንጂ ደመቀችን አልተዋትም።

ኡሙሃኒ


ሻርጃ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ኡሙሃኒ። አላህ የልብሽን ይሙላልሽ፤ ቁጣሽንም ለእኔ ሲል ያለዝብልኝ።

ዝም ያልኩት ስለከበደኝ ነው። አባትሽ ፋቲሃ መቅራታቸውን ሳነብ ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። አልጠየቅሁም፣ እውነቱ ይኸው ነው፣ ለአባትሽ አንብቢላቸው። ግን "አልጠየቅሁም" ብዬ በጻፍኩ ቁጥር ውሸት የጻፍኩ እየመሰለኝ እሰርዘዋለሁ። የሻረግ ይህን ስታትም መሳቋ አይቀርም፤ ትሳቅ። በአያ ኢብሮ ሐር ተጠቅልዬ ግን መግባት አልፈልግም። ዕቃዋን የላክኋት እንድትጽፊባት ነው። ሳጥን ውስጥ መተኛቷን ስሰማ አዝኛለሁ።

ማሳ አለህ ወይ ላልሽኝ፣ አለኝ። አባቴ መንዙማ ይገጥም እንደነበር የዋጃ ሰው ሁሉ ያውቃል። ብዙውን በካሴት ቀድተንለታል፣ እህቴ ሀስና ወደ ሜሞሪ አስገልብጣዋለች። አንዱም ወረቀት ላይ አልሰፈረም። እኔ ልጽፈው ብዬ ስከፍት ድምፁን እሰማና መዝጋት ነው። እዚህ አገር ሆኜ እንዲህ ያለውን ነገር ብቻዬን መስማት አልቻልኩም። የሚያውቁት ሽማግሌዎች እያለፉ ነው፣ ካሴት ያበላሻቸው ቃላትም አሉ፣ ዛሬ ካልተጻፈ ነገ የሚያቃናው አይገኝም።

ማሳዬ ያ ነው። ከሳምንቱ አንድ ቀን መንገድሽን ለአባቴ ስጪልኝ። ሀስና ሜሞሪውን ቆቦ ድረስ ታመጣልሻለች። አባትሽ እርሻ ስለሚያውቁ ይህ ታርሶ የማያልቅ ማሳ መሆኑ አይጠፋቸውም፤ ግን ሰኔ ያንቺ ነው፣ ያንቺ ይቅደም።

ከማሉዲን


ከጎብዬ ወደ ቆቦ፣ ሚኒባስ ላይ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ወንድሜ ከማሉዲን። ዒድህ እንዴት አለፈ? አላህ ጾምህን ይቀበልልህ፣ ብቻህን ያሳለፍከውንም ያካክስልህ።

በእሷ ነው የምጽፍልህ። ቃላት ብሳሳት ጉድጓዱን ውቀስ።

ደብዳቤህን ለሽማግሌዎቹ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ሁሉንም፣ ደስ አለኝ ያልክበትንም። እዚያ ላይ ስደርስ አባባ መሬት መሬቱን አየልኝ። ስለ መንዙማው ሳነብ አያ ኢብሮ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ለካ የወንድማቸው ነገር ሆድ ሆዳቸውን ይበላቸው ኖሯል። ከዚያ አባባ ፈረደ። መቀናጆ ነው ተባለ። የቀደመው ፋቲሃ ዕቃዋ በሰላም ለመግባቷ ተቆጥሯል፣ ለእርሻው አዲስ ተቀራ። ማንም አልተዋረደም። እናቴ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችኝ፤ አረንጓዴውን ሐር ግን አልመለሰችም።

በረመዳን መንገደኛው ሁሉ በጾም ደክሞት ሲያንቀላፋ እኔ ጻፍኩ። ፊደሉን አሳንሼዋለሁ። አያ ታረቀኝ "ምነው፣ ምን አጠፋሁ?" ብለው ሲያዝኑብኝ ስንት ጊዜ ፊደሉን መልሼ አተልቄ አስነበብኳቸው። ጣቴ ለምዷል፣ ስድቡም ቀንሷል። ለሰኔ አደርሰዋለሁ፣ ጥርጥር የለኝም። ደመቀች ምን እንዳደረገች ከሁሉ ቀድሜ ልስማ ብለኸኝ ነበርና፣ ከሚኒባሱ ሰው በቀር ቀዳሚው አንተ ነህ፦ አልመለሰችውም፣ አላባረረችውምም። ወፍጮው ላይ አብሮ እንዲሠራ አስገብታዋለች፣ ቤቷ ግን ገና አላስገባችውም። ሽንኩርት ነጋዴዋና አያ ታረቀኝ ሁለቱም ተቀይመውኛል።

ሐሙስ ሐሙስ ያንተን ማሳ አርሳለሁ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አባትህ ሲያዜሙ እሰማለሁ፣ እየሰማሁ እጽፋለሁ። ያልገባኝን ቃል ለአያ ኢብሮ እወስደዋለሁ፣ እሳቸውም ካላወቁ ሌላ ሽማግሌ ዘንድ ይሄዳሉ። አንዱ ግጥም መሃል ላይ ያስሉና "ይቅር በሉኝ" ብለው ይቀጥላሉ። ያንንም ጽፌዋለሁ፤ መሰረዝ አልቻልኩም። የተጻፈውን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ብቻህን አታንብበው፣ ለዚያ ፓኪስታናዊ ባይገባውም ጮክ ብለህ አንብብለት።

አንድ ነገር ቀረ። አባባ ፈርዶ ሲያበቃ "የእርሻው ነገር አልቋል፣ የሌላው ነገር ግን የእኔ ፍርድ አይደለም" ብሎ ወደ እኔ አየ። እኔም አንተ ላልጠየቅኸኝ ነገር ለማንም መልስ አልሰጠሁም። በአጎት አልመልስም፣ በደብዳቤም አልመልስም፣ የሻረግ ፊት ደግሞ በፍጹም አልመልስም።

ለክረምት ፈቃድህ እንደምትመጣ ሀስና ነግራኛለች። ስትመጣ ለእኔ ምንም አታምጣ። ሽቶም፣ ጨርቅም፣ ሽማግሌም አልፈልግም። ጠዋት ከቆቦ መናኸሪያ በጎብዬ ሚኒባስ ላይ ከጎኔ ቦታ እይዝልሃለሁ። አያ ታረቀኝ ለአንድ ቀን ወደ ኋላ ይሂዱ። ባዶ እጅህን ናና ራሴን ጠይቀኝ።

ኡሙሃኒ